ልጆቹ ከቤት ሲወጡ መርከባችንን ቀየርን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፦ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ ስለ ክሩዝ፣ ማለትም በመርከብ ስለሚደረግ የሽርሽር ጉዞ፣ የወጣውን ጽሑፍ በምሳ ሰዓቴ አነበብኩት። ስለ ትልልቆቹ መርከቦች የተባለው ልክ ነው። ትንንሾቹን ግን «የሀብታም ናቸው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፋቸው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ሀብታሞች አይደለንም። በ2024 ግን ትልቁን መርከብ ትተን በትንሹ ሄድን።

መጀመሪያ ስለ ትልቁ ልናገር፤ ውለታ አለብኝ። የጀመርነው በ2010 ነው። ከቤታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባልቲሞር ወደብ አንድ ሰዓት አይሞላም። አውሮፕላን የለ፣ ሆቴል የለ። ሻንጣውን ጭነን፣ ሦስቱን ልጆች ከኋላ ደርድረን ውልቅ ነው። ያኔ ትልቁ አሥራ አንድ፣ ትንሿ አራት ዓመቷ ነበር። አንዴ ባሃማስ፣ አንዴ ቤርሙዳ። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ስለሚነዳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንቅልፍ ብቻ ነበር። ልጆቹ የልጆች ክበብ ገብተው ይውላሉ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ አንድ ስኒ ሻይ እስከ ታች እጠጣለሁ። ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

በ2016 ደግሞ ዘመድ ከቶሮንቶ፣ ከአትላንታና ከሚኒሶታ ተጠራርቶ አሥራ ስድስት ሆነን ሄድን። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ባሕሩን ፊት ለፊት እያዩ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ከኋላቸው ሙዚቃው ይጮሃል፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ይንጫጫሉ። እሳቸው ቅር አይላቸውም። ያንን ሳምንት በምንም አልለውጠውም።

ነገሩ የተለወጠው በ2023 ነው። ትልልቆቹ ሥራ ይዘዋል። ትንሿ ብቻ አብራን ነበረች፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ናት። ከአራት ሺህ ሰው በላይ በያዘ መርከብ የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ደረስን። መርከቡ ዳር አይደርስም፤ በጀልባ ነው የሚወረደው። ቁጥር ተሰጥቶን ተቀመጥን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅን። በኬብል መኪናው ወጥተን ከተማዋን ለአርባ ደቂቃ ያህል አየን። ከዚያ ለመውረድ እንደገና ሰልፍ። በፀሐይ መቆም ሲያቅተን ከ580 በላይ የሆነውን ደረጃ በእግር ወረድነው። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋል። የአህያ ፋንድያ በሞላው ድንጋይ ላይ ግድግዳውን ይዞ ሲወርድ አየሁት። ማታ ክፍላችን ገብተን እግሩን በረዶ እያደረግኩለት፣ «ለመሆኑ እዚህ የመጣነው ለማን ብለን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለልጆቹ እንዳልል፣ ልጆቹ የሉም።

መርከቦቹ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየገዘፉ ነው። በ2024 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ሃያ ፎቅ አለው። ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። ለልጆች ድንቅ ነው። ግን በትልልቆቹ መርከቦች የውሃ መንሸራተቻው፣ የበረዶ ሜዳው፣ ሁሉም ትኬቱ ውስጥ አለ። የማንነካውን ነገር እየከፈልንበት ነበር።

እኛ የተሳፈርንበት ትንሹ መርከብ 148 መንገደኛ ነው የሚይዘው። ሠራተኞቹ መቶ ገደማ ናቸው። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን አልጠራም። ዋጋውን ግን እነግራችኋለሁ፤ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። ለሰባት ሌሊት ለአንድ ሰው 4,600 ዶላር ከፈልን። መጠጡም ቲፑም ኢንተርኔቱም ውስጡ አለ። የ2023ቱ ትልቅ መርከብ ሲታይ 2,300 ነበር። መጠጥ፣ ቲፕ፣ ኢንተርኔትና በየወደቡ የምንገዛው ጉብኝት ሲጨመርበት ግን 3,700 ገባ። ልዩነቱ ለአንድ ሰው 900 ዶላር ነው። እሱን በሦስት ተጨማሪ ሽፍት ሞላሁት። ቤተ ክርስቲያን የምናውቃት አንዲት እህት፣ «ይሄ ብር አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራ ነበር» አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም። ግን እኛ አገር ቤት መላክ ያለብንን አንድም ወር አሳልፈን አናውቅም። ሦስት ልጅ አስተምረን፣ እናት አባት ጦረን፣ አንድ ሳምንት ለራሳችን ብናደርግ ጥጋብ አይደለም።

አቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬየስ ወደብ ተነስተን፣ በሚኮኖስ ደሴት በኩል ቱርክ፣ ኩሻዳሲ ሄደን ኤፌሶንን አየን። ረቡዕ ሴፕቴምበር 11 ጠዋት ስነቃ መርከቡ ቆሟል። መጋረጃውን ስገልጥ ፊት ለፊቴ ፍጥሞ ናት። አዎ፣ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ያቺው ፍጥሞ። ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሏታል። ቀኑ የእኛ እንቁጣጣሽ ነበር። ወደቡ ላይ ከእኛ ሌላ መርከብ የለም። ሰልፍ የለም፣ ቁጥር የለም። ቁርሳችንን በልተን በጀልባ ወረድን።

ራእዩን ያየበት የሚባለው ዋሻ ከወደቡ ወደ ላይኛው ከተማ ሲወጣ መንገድ አጋማሽ ላይ ነው። ከላይ በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም እንደ ምሽግ ቆሟል። ዋሻው ትንሽ ናት፤ ግማሹ አለት፣ ግማሹ ቤተ መቅደስ። ወንጌላዊው ራሱን ያሳርፍባት ነበር የምትባለው ጎድጓዳ ቦታ በብር ተከባለች። ቀና ስል አለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ድምፁ የመጣው በዚያ ነው ይላሉ፤ ሦስትነቱም የሥላሴ ምሳሌ ነው። ጥግ ላይ ተቀመጥን። አሥር ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት አላውቅም፤ ማንም ውጡ አላለንም። ባለቤቴ ብዙ የሚጸልይ ሰው አይደለም። ጫማውን አውልቆ ቆመ። አማቴ ዳዊታቸውን ይዘው እዚህ ቢቆሙ ኖሮ እያልኩ አለቀስኩ።

ደግሞ ምግቡ። ትልቁ መርከብ ላይ ጾም በሆነ ቁጥር እንደ አዲስ ማስረዳት ነው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም። እዚህ የመጀመሪያው ቀን ማታ አንዴ ተናገርኩ። ረቡዕ ጠዋት ምግብ ሠሪው ራሱ ምስርና ቲማቲም ይዞልኝ መጣ። ዓርብ ሞነምቫሲያ ስንወርድ ደግሞ የግሪክ ምግብ ቤቶች «ኒስቲሲሞ» ሲሏቸው የጾም ማለት እንደሆነ ተማርኩ። የእነሱ ጾም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይፈቅዳል። እኔ ባቄላውን በላሁ።

ያልወደድኩትንም ልንገራችሁ። ትንሽ መርከብ ከትልቁ ይልቅ ይናወጣል። በበጋ ከሰሜን የሚነሳ መልተሚ የሚሉት ነፋስ አለ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ አንገላታን። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ሳንቶሪኒ ላይ ያው ግፊያ ነው፤ የእኛ መርከብ ትንሽ ስለሆነ የሌሎቹ ሰው አይቀንስም። ማታ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ይተኛል። ልጅ ያለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል፤ ልጁም ይሰለቻል፣ ሌላውም ይሳቀቃል። የመጀመሪያውን ሌሊት ጸጥታው ከበደኝ። ትንሿ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነበር። ደወልኩላት። «ማሚ፣ ደህና ነኝ፣ እራትሽን ብዪ» አለችኝ። በማግስቱ እኔና ባለቤቴ እራት ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ከተጋባን ሠላሳ ዓመታችን ነው፤ እንደዚያ ያወራነው መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

አሁን አዘጋጆቹን ወደምለምነው ልግባ። የባለቤቴ እህት አብራን ልትሄድ ነበር። ግሪን ካርድ አላት፤ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። ግሪክ ለመግባት የሸንገን ቪዛ፣ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጠው፣ ያስፈልጋታል። ትኬቱን የሸጠላት ወኪል «የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይበቃሻል» አላት። አልበቃትም። መርከቡ ከግሪክ ወጥቶ ቱርክ ይደርስና ተመልሶ ግሪክ ይገባል። ቱርክ ሸንገን ውስጥ የለችም። ስለዚህ መመለሱ እንደ ሁለተኛ መግቢያ ይቆጠራል። ፒሬየስ ወደብ ላይ ሻንጣዋን እንደያዘች አስቀሯት። ሳምንቱን አቴንስ ካሉ ሐበሾች ጋር አሳልፋ፣ እንቁጣጣሽንም እዚያው አክብራ ጠበቀችን። የከፈለችው አልተመለሰላትም። ስንሰናበት የነበረው ፊቷ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

እባካችሁ ስለ ክሩዝ ስትጽፉ ይህንን ጻፉ። ከአንባቢዎቻችሁ ብዙው ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። ቪዛው ላይ የመግቢያው ብዛት የሚጻፍበት ቦታ አለ። 01 ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ላለ ጉዞ ቢያንስ 02 ወይም ለብዙ ጊዜ የሚያስገባው «ሙልት» መሆን አለበት። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት መርከቡ የሚነካቸውን አገሮች ቁጠሩ።

እኛ በመጪው መስከረም እንደገና እንሄዳለን፤ በዚያው መርከብ፣ ያንኑ መንገድ። በዚህ ጊዜ የባለቤቴ እህትም አለች። የቪዛ ማመልከቻዋን አብረን ሞላነው፤ የመግቢያውን ብዛት እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አየሁት። ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ