የስለር ማነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምኖረው ሲያትል ውስጥ፣ የስለር ቴራስ ሰፈር ነው። ባለፈው ሰሞን ልጄ አውቶቡስ ስንጠብቅ «እማዬ፣ የስለር ማነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ስንት ዓመት ኖሬበት!

ሄንሪ የስለር እ.ኤ.አ. በ1853 እዚህ ወደብ ዳር በእንፋሎት የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ የተከለ ሰው ነው። ግንዱ ከኮረብታው እየተጎተተ ወደ መሰንጠቂያው ይወርድበት የነበረው ቁልቁለት፣ እኔ ዛሬ ዘንቢል ይዤ የምወጣው የየስለር መንገድ ነው። ሰውየው ሁለት ጊዜ ከንቲባ ሆኗል፤ በ1874 እና በ1885 ተመርጦ። ሚስቱ ሣራ ደግሞ የከተማዋ የመጀመሪያዋ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች። ልቤን የነካችው እሷ ናት።

እባካችሁ፣ ስለ ሁለቱም በአማርኛ ጻፉልን። ለልጄ አነብላታለሁ።

አንዲት እናት፣ ከሲያትል