ስኬት ዓሣ አይናደፍም፤ አደጋውም ከመረብ ብቻ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ስለሚኖረው፣ «ሞጂያን ስኬት» ስለሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ባነብም፣ ባዮሎጂ እንደሚያስተምር ሰው ዝም ብዬ ላልፋቸው ያልቻልኋቸው ስሕተቶች አሉበት።

ዓሣው ስቲንግሬይ ከሚባለው ተናዳፊ ዓሣ ጋር ተምታቶ «ተናዳፊ ነው፣ ልጆቹንም ይወልዳል» ተብሏል። ሁለቱም ጠፍጣፋ ቢሆኑም ስኬት በጭራው ላይ መርዛም መንደፊያ የለውም፤ የሚራባውም እንቁላል በመጣል ነው። እንቁላሉ ቆዳ በሚመስል፣ ከአራቱም ማዕዘን ቀንድ መሳይ ዘንግ በወጣለት ከረጢት ታሽጎ ከውሃው ግርጌ ለወራት ይቆያል። ዓሣው ራሱ አፉ በሆዱ በኩል ከጭቃው ጋር የገጠመ ስለሆነ፣ ወደ ስንጥቡ ውሃ የሚስበው ከዓይኖቹ ኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ነው። (የእንግሊዝኛው ስም በእኛ ፊደል «ስኬት» ተብሎ መነበቡ፣ ለመጥፋት ለተቃረበ ፍጡር ምጸት ሆኖበታል።)

የባሰው ግን ዓሣው ለመመናመኑ ጥፋቱን ሁሉ በዓሣ አጥማጆች ላይ መጣላችሁ ነው። በመረብ ተይዞ መሞቱ እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1988 ተገኝቶ በ2007 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ይህ ዝርያ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በምዕራብ ታዝማኒያ ባለው ማኳሪ ሃርበር በተባለው የባሕር ወሽመጥ ብቻ ነው። ወንዞቹ ይዘውት የሚገቡት፣ ታኒን በተባለ የዕፅዋት ንጥረ ነገር እንደ ሻይ የጠቆረው ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከባዱ ጨዋማ የባሕር ውሃ ደግሞ በጠባቧና ጥልቀት በሌላት የወሽመጡ በር ጥቂት በጥቂት ገብቶ ከሥር ይተኛል። ሁለቱ እንደልብ ስለማይቀላቀሉ የታችኛው ውሃ አዲስ ኦክስጅን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ በዚህ ላይ እዚያው ካለው የሳልመን ዓሣ እርባታ የሚዘቅጠውን ትርፍራፊ መኖና ኩስ ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሱ ያለውንም ይጨርሱታል። ትልቁ ዓሣ ወደ ላይ ሊሸሽ ይችላል፤ ጥልቁ ውስጥ የተጣለው እንቁላል ግን ባለበት ይታፈናል።

የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2021 ብዛቱ በ47 በመቶ ማሽቆልቆሉን ዘግበዋል። የ2024ቱ ክትትል ወደ 2014ቱ ደረጃ መመለሱን ማሳየቱን ጽሑፋችሁ አለማንሳቱ ቅር ቢያሰኘኝም፣ እኔ በበኩሌ ዜናው እፎይ የሚያሰኝ አይመስለኝም፤ በ2019 ኃይለኛ ነፋስ ኦክስጅን ያጠረውን የታች ውሃ ወደ ላይ ባመጣ ጊዜ መከታተያ ከተገጠመላቸው ዓሦች በርካቶቹ ሞተዋልና። በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር