ሱፍ ለማይስማማው ሰውም ብርድ አለ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ብያለሁ። በጤና ዓምዳችሁ ስለ ብርድ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ትኩስ ነገር ጠጡ፣ ሕፃናትን ሸፍኑ፣ በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ ትላላችሁ። ይሄን ሁሉ እደግፋለሁ፣ በተለይ የከሰሉን፤ ጭሱ ሳይታይ ሰው ይገድላል። ልብስ ላይ ስትደርሱ ግን "ሱፍ ልበሱ" ብላችሁ አለፋችሁት። ሱፍ ሲነካው ቆዳው የሚቆጣ ሰውስ ምን ይልበስ? እኔ አንዷ ነኝ። ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እንደኔ ያሉ ሰዎች ካፖርታቸውን በፌስታል ይዘው ሱቄ ይመጣሉ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የኛን ብርድ የማያውቅ ሰው ነገሩን ቀላል ሊያደርገው ይችላል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ያደርጋል፤ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ሲል አራት ዲግሪ ገደማ ይሞቃልና። ወደ ላይ ወደ ጉጉፍቱ፣ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ ለጋምቦ ከሄዱ ደግሞ ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጥቶ ያድራል። ክረምት ሲገባ ጉሙና ዝናቡ ይመጣል፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ አይደርቅም። እዚህ አገር "ካፖርት አልለብስም" ብሎ መኖር አይቻልም።

ሱፍ ያሳክከኛል ስትይ ደግሞ ሰው ቅብጠት ያደርገዋል። "እኛ በባና ነው ያደግነው" ይሉሻል። እውነት ነው፣ ደጋው ከበግ ጸጉር በሚሠሩት በባናና በበርኖስ ነው የኖረው፣ ለእረኛም ለመንገደኛም ከነሱ የተሻለ አልነበረም። ግን የደጋ በጎቻችን ጸጉር ወፍራምና ሻካራ ነው። በርኖስም ከሌላ ልብስ በላይ የሚደረብ እንጂ ቆዳ ላይ የሚያርፍ አይደለም። ይሄን ልዩነት ሳንይ ነው የምንፈርደው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የሱፍ ክር ከላዩ ጫፍ ጫፉ ብቅ ብቅ ያለ ጸጉር አለው። ጸጉሩ ቀጭን ከሆነ ቆዳ ሲነካው ይታጠፋል፣ ምንም አይሰማም። ወፍራም ከሆነ አይታጠፍም፣ ይወጋል። ልኩ ወደ 30 ማይክሮን ነው ይላሉ፣ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚያ የወፈረው ጸጉር ከመቶው አምስት እንኳ ቢሆን ብዙ ሰው ይኮሰኩሰዋል። ሜሪኖ የሚባለው በግ ጸጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ አንድ ሰው ተራ ሱፍ አቃጥሎት ሜሪኖ የሚስማማው ለዚህ ነው። እና ብዙውን ጊዜ ነገሩ አለርጂ አይደለም። የገብስ እብቅ አንገት ውስጥ ሲገባ እንደሚያደርገው ነው፤ እብቁን ስታራግፊው ይተውሻል። ከበግ ጸጉር ላይ ለሚወጣው ቅባት፣ ላኖሊን ለሚባለው፣ እውነተኛ አለርጂ ያለበት ሰው አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ችፌ ያለበት፣ ቆዳው የሚደርቅበት፣ ቶሎ የሚያልበው ሰው ደግሞ ከሌላው በፊትና ከሌላው ይበልጥ ይሰማዋል። ላብ ሲጨመርበት ይብሳል፤ ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ምንም ያላለሽ ካፖርት ዳገት ስትወጪ የሚያሳብድሽ። ደሴ ደግሞ ሁሉም መንገድ ዳገት ነው።

ይሄ ከገባን ካፖርት መምረጥ ይቀላል። የሚያሞቀን በልብሱና በገላችን መሃል ተይዞ የሚቀመጠው አየር ነው፤ ሱፍም ቢሆን የሚያሞቀው አየር ስለሚይዝ ነው። አየር የሚይዝ ሌላ ነገር ካገኘን፣ ነፋስ እንዳይወስድብን ከላይ ከዘጋነው፣ በቂ ነው።

እኔ ደንበኞቼን የምመክረው ከውስጥ ጀምረው እንዲያስቡ ነው። ገላ ላይ የጥጥ ካናቴራ፣ እጅጌው ረዥም የሆነ። ከዚያ በላይ ጸጉራም ሆኖ ለስላሳ የሆነው ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ፍሊስ የሚባለው። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይወጋም። ነፋስ ግን ያሳልፋል፣ ብቻውን ጉጉፍቱ ላይ አያዋጣም። ስለዚህ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ያለው፣ ውስጡ በፖሊስተር የተሞላ፣ በስፌት ተከፋፍሎ ያበጠ ጃኬት ይደረብ። ያ ሙሌት ቢረጥብም ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አይጥልም። የወፍ ላባ የተሞላው ከሱ ይሞቃል፣ ይቀላልም፣ ግን እርጥበት ሲያገኘው ይጨማደድና ዋጋ የለውም። ርካሹ ላይ ደግሞ የላባው እንጨት ጨርቁን በስቶ ይወጋል። ለውርጭ ወራት ላባ ጥሩ ነው፤ ለኛ ክረምት ግን ፖሊስተር እመርጣለሁ።

ጋቢስ ትሉኝ ይሆናል። ጋቢን ማን ይጠላል! ጥጥ ነው፣ አራት እጥፍ ነው፣ አይኮሰኩስም፣ ማታ ቤት ውስጥ የሚወዳደረው የለም። ዝናብ ሲያገኘው ግን ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ አይደርቅም፣ ያኔ ራሱ ብርድ ይሆናል። ጋቢ ከላይ ደርቦ በጉም የሚሄድ ሽማግሌ ሳይ ሁሌ ያሳስበኛል። ከቻላችሁ ከጋቢው ሥር አንድ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ነገር ስጧቸው።

መልክ አይታችሁ አትግዙ። ሰው ካፖርት ሲገዛ ከፊት ያየዋል፣ መስታወት ፊት ይዞራል፣ አለቀ። የሚያሳክከው ቦታ ግን ሌላ ነው፤ አንገትጌው የሚታጠፍበት፣ የእጅጌው ጫፍ፣ አገጭ የሚነካው የዚፑ አናት። እነዚህን ገልብጣችሁ እዩ። ገበሩ እስከ አንገት ድረስ ሄዷል ወይስ ትከሻ ላይ ቆሟል? ብዙ ካፖርት ገበሩ ሳቴን ሆኖ ያምራል፣ አንገትጌው ግን ራቁቱን ሱፍ ነው። ገበሩ ስስ ከሆነም ጸጉሩ ዘልቆ ይወጣል። መዳፍ ወፍራም ቆዳ ስላለው አታምኑት፣ ጨርቁን አንገታችሁ ጎን ወይም የክርናችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ታገሡ። ሻጩ "ኧረ ምንም አይልሽ" ቢል አትቸኩሉ፣ ቆዳው የናንተ ነው።

ሰልባጅ የምትገዙ (አብዛኛው ሰው ሰልባጅ ነው የሚገዛው፣ እኔም ጭምር) ከውስጥ በጎን ስፌቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ። እዚያ ላይ የሱፉ መጠን በመቶኛ ተጽፏል። ከጣሊያን የመጣ ከሆነ "ላና"፣ ከጀርመን ከሆነ "ቮለ" ይላል፣ እንግሊዝኛው "ዉል" ነው። "ሱፉ 20 በመቶ ብቻ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሻካራ ከሆነ ያችው ትበቃለች። ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ ከስፌቱ ውስጥ ከተረፈው ጨርቅ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሷት። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነው የሚሸተው። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ክሩን ከልብሱ አርቃችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ። ሻጮችንም እለምናለሁ፣ ያችን ምልክት አትቁረጧት።

ሰልባጅም ሆነ አዲስ፣ ከመልበስ በፊት ይታጠብ። አዲስ ጨርቅ ላይ ቀለምና ማጠንከሪያ ኬሚካል ይኖራል፣ እሱም ቆዳ ያስቆጣል፣ ከዚያ ሰው በሱፍ ያሳብባል። ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ፣ የዱቄት ሳሙና ጨርቅ ውስጥ ከቀረ ራሱ ያሳክካል።

ደግሞ ያላችሁን ካፖርት አትጣሉ። አንድ አባት ከጉጉፍቱ በኩል ከባድ የሱፍ ካፖርት ይዘው መጡ። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው ነው፣ ሊሸጡት አልፈለጉም። "ልጄ፣ ይበላኛል፣ አንገቴን ፈጀው" አሉኝ። ሻሻቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ከጆሮ ሥር እስከ ማጅራት ቀልቷል፣ በጥፍር የተፋቀ ቦታም አለ። አንገትጌውን ፈታሁት። ጥጥ ፖፕሊን አጥቤ አደረቅሁ፣ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ያጥራልና ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ሱፉን ይጨመድደዋል። ድርብ አድርጌ የአንገትጌውን ውስጥም ጠርዙንም አለበስኩት፣ ጠርዙ ከተረሳ ልፋቱ ከንቱ ነው። የእጅጌውንም ጫፍ ወደ ውስጥ አራት ጣት ያህል ሸፈንኩ። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሜትር ጨርቅ በቂ ነው። ለብሰውት አንገታቸውን ግራና ቀኝ አዞሩ፣ ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያ "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ይጨምርልሽ" ብለው ሄዱ። ይሄን ማንኛውም ልብስ ሰፊ መሥራት ይችላል፣ ጠይቁ።

ስለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እሳት አይወድም። ሱፍ ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ፖሊስተርና ናይለን ግን ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ምድጃ ሥር ሆነው የሚያበስሉ እናቶች፣ ማንደጃ ከበው ቡና የሚጠጡ፣ ከእሳቱ ፊት ጃኬታችሁን አውልቁ።

ሁሉንም ማሳከክ በሱፍ አታላክኩ። ሱፍ ከሆነ የሚያሳክከው ልብሱ የነካው ቦታ ነው፣ ልብሱ ሲወልቅም ይቀላል። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣት መሃል የሚወጣ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ያዳረሰ ማሳከክ እከክ ሊሆን ይችላል፣ እሱ መድኃኒት አለው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። የሚያዥ፣ የሚቆስል፣ ልብስ ተቀይሮም የማይተው ከሆነ ሐኪም ይየው። እኛ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችን ነው፣ በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። ከመንገድ ላይ ቱቦ ቅባት እየገዙ መቀባት ግን ይቅር፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል። ለደረቅ ቆዳ ከታጠቡ በኋላ ገላው ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ይበቃል።

አሁን ለመጻፍ ያስነሳኝን ልናገር። የእህቴ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠቅስም፣ አንገቱ የተዘጋ ወፍራም ሹራብ የደንብ ልብስ አድርጎ አዟል። ከሱፍ ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ክሩን ለኩሼ አይቼዋለሁ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ስትጎትት ትውላለች። ነጭ የጥጥ ሻሽ ከውስጥ ብናደርግላት "ከደንብ ውጪ ነው" ተብላ አወለቀችው። አንገቷ ቆስሎ ቤት መጣች። እናቷ ሄዳ ስታናግራቸው "ሌሎቹ ለብሰውት የለም ወይ?" አሏት። ሌሎቹ ለብሰውታል፣ አዎ። የአንዱ ቆዳ እንደሌላው አይደለማ! ልጅ በብርድ ወር ሹራቧን አውልቃ ብትቀመጥ ብርድ ነው፣ ብትለብሰው ቁስል ነው፣ እያከከች ደግሞ ምን ትምህርት ይገባታል?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቶች ከሹራቡ ሥር ኮሌታ ያለው የጥጥ ሸሚዝ፣ ወይም በዚያው ቀለም የተሠራ ፍሊስ ይፍቀዱ። ለጥበቃ ሠራተኞች የሱፍ ካፖርት የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችም ጨረታ ሲያወጡ "አንገትጌውና የእጅጌው ጫፍ በጥጥ የተገበረ" የምትል አንድ መስመር ይጨምሩ። ኮምቦልቻ ላይ የጥጥ ጨርቅ የሚያመርት ፋብሪካ አለን፣ ጨርቁ ሩቅ አይደለም። እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው የጤና ዓምዳችሁ አንድ የቆዳ ሐኪም አቅርባችሁ ስለዚህ ጉዳይ እንዲጽፉ አድርጉ፤ ከተቻለ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት የደንብ ልብስ ሳያሳስፉ በፊት ይውጣ።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ከደሴ