ዛፍ ከመውጣት በፊት ከወለል መነሳት ይለመድ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ ሥልጠና የሚወጡ ጽሑፎች እየበዙ መምጣታቸው ደስ ያሰኛል። ሰው ማሽን ላይ ተቀምጦ አንድ ጡንቻ ብቻ ከሚያሠራ መራመድን፣ መዳህን፣ መንጠልጠልን፣ መሸከምን፣ መዝለልን ቢለማመድ ለኑሮው የሚሆን ብቃት ያገኛል የሚለውን እኛ አሰልጣኞችም የምናስተምረው ነው። ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው ሁልጊዜ በባዶ እግሩ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚዘል ወጣት ነው። ጽሑፉም “በልጅነታችን ሁላችንም ያደረግነው ነው፤ አካላችን አይረሳውም” ብሎ ያደፋፍራል። አንባቢው ይህን አምኖ ይጀምራል፤ በማግስቱ ባቱ ይያዛል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተረከዙ ጅማት አብጦ ያቆማል፤ ከዚያ ዘዴው ለእኔ አይሆንም ይላል።

አካል አይረሳም የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የእጅና የእግር ቅንጅትን አንጎል ቶሎ መልሶ ይይዘዋል፤ ጡንቻም በሳምንታት ውስጥ ይበረታል። ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ፣ ራሱን የሚያድስበት ፍጥነትም ዝግተኛ ስለሆነ ወራት ይፈልጋል። አጥንትም ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ጉዳቱ የሚመጣው እንግዲህ ሰውየው “አሁንማ ቻልኩት” በሚልበት ወቅት ነው፤ ጡንቻው ችሎ ጅማቱ ገና ሳይደርስ።

የዘዴው አባት ተብሎ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዦርዥ ኤቤር በዚህ ረገድ ጥብቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሴን ፒየርን ከተማ ሲያጠፋ በነፍስ አድን ሥራው ተሳትፏል፤ ጠንካራ ሰው ለሌላው የሚደርስ መሆን አለበት የሚለው እምነቱም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነሳል። የባሕር ኃይል ምልምሎችን ሲያሠለጥን እንቅስቃሴን በ10 ዘርፎች ከፈለ፦ መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ በእጅና በእግር መሄድ፣ መውጣት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ መወርወር፣ ማንሳት፣ ራስን መከላከልና ዋና። ሰልጣኞቹን በሰዓትና በሜትር እየለካ ውጤታቸውን ይመዘግብ ነበር። ዛሬ ስሙን የሚያነሱ ብዙዎች በባዶ እግር መሥራቱን ወስደው መለኪያውን ጥለውታል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከወለል። አንድ ሰው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ለማወቅ ጫማ አውልቆ፣ ምንም ሳይዝ፣ ሳይጣደፍ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ይነሳ። ለመቀመጡ 5፣ ለመነሳቱ 5 ነጥብ ይያዝለታል። እጁን፣ ክርኑን፣ ጉልበቱን ወይም የእግሩን ጎን በተደገፈ ቁጥር 1 ነጥብ፣ በተንገዳገደ ቁጥር ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል። የብራዚል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 የሆኑ ከ2,000 በላይ ሰዎችን በዚህ መንገድ ፈትነው ለዓመታት ተከታትለዋል። ዝቅተኛ ነጥብ ባገኙት ዘንድ የሞት መጠኑ ከፍ ያለ ነበር። ፈተናውን መለማመድ ብቻውን ዕድሜ ያስረዝማል ማለት ግን አይደለም፤ ነጥቡ የሚናገረው ስለ እግር ጉልበት፣ ስለ መገጣጠሚያ መፍታታትና ስለ ሚዛን በአንድ ላይ ነው። ከ8 በታች ያገኘ ሰው ዝላይና መውጣትን ለጊዜው ቢያቆያቸው እመክራለሁ።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው በየቀኑ መደረጉ ነው። 10 ደቂቃ ወለል ላይ መዋል ይበቃል፤ እያነበቡም ቢሆን ይቻላል። እግር አጣምሮ መቀመጥ፣ ሁለቱንም እግር ወደ አንድ ጎን አጥፎ መቀመጥ፣ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ ማረፍ፣ እግር ዘርግቶ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ማለት። በየአንዱ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሕመም ከመጀመሩ በፊት መቀየር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ በተቻለ መጠን እጅ አይደገፍም፤ ጥቅሙም ከመቀመጡ ይልቅ እዚህ መሸጋገሪያው ላይ ነው። ተረከዝ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት የሚያማቸው የታጠፈ ብርድ ልብስ በባትና በጭን መካከል ያስገቡ።

ቁጢጥ ሲባል ተረከዝ ከመሬት የሚነሳው ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚት ደርቆ ነው። ለማጣራት የእግር አውራ ጣት ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጥና ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት ግድግዳውን ይንካ። ካልነካ ቁርጭምጭሚቱ ሥራ ይቀረዋል። እስኪፈታ ድረስ ከተረከዝ ሥር ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ አድርጎ፣ የበር መቃን ይዞ ቁጢጥ ማለትና የጣውላውን ውፍረት በየጥቂት ሳምንቱ መቀነስ ነው። ቁርጭምጭሚት ያልፈታ ሰው ሲዘል ጉልበቱ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል (በኋላ እመለስበታለሁ) ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ትንሽ አይደለም።

ባዶ እግር መሄድ ጥሩ ነው፤ የውስጥ እግር ትናንሽ ጡንቻዎችን ያነቃል። ነገር ግን ለዓመታት ወፍራም ሶል ለብሶ የኖረ እግር በአንድ ጊዜ ቢገለጥ ጫናው በተረከዝ ጅማትና ከጣቶች ኋላ ባሉት ረጃጅም አጥንቶች ላይ ይወርዳል፤ አጥንቶቹ እስከ መሰንጠቅ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ወር በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ እንጂ መሮጥ አይገባም። ከዚያ በሳምንት 5 ደቂቃ መጨመር ይቻላል። የእግር ጀርባ ላይ አንድ ነጥብ በጣት ሲነካ የሚያም ከሆነ ወዲያው ማቆምና መታየት ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም የእግራቸውን ስሜት የቀነሰባቸው ሰዎች ባዶ እግር መሄድ የለባቸውም፤ ቁስሉ ሳይሰማቸው ይሰፋል።

አሁን ወደ ዝላይ። የሚማሩት መጀመሪያ ወርዶ ማረፍን ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የማይንቀሳቀስ መወጣጫ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ አንድ እግር ወደ ፊት ይወጣል፣ አካል ይወርዳል፣ ሁለቱም እግሮች እኩል መሬት ይደርሳሉ። መጀመሪያ የሚነካው ከጣቶች ሥር ያለው የእግር ክፍል ነው፤ ተረከዝ ቀስ ብሎ ይከተላል። ዳሌ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ አቅጣጫውም ከሁለተኛው የእግር ጣት አይወጣም። ከዚያ 3 ሴኮንድ ቀጥ ብሎ መቆየት። የተንቀጠቀጠ ወይም አንድ እርምጃ የተራመደ አልያዘውም ማለት ነው። ጆሮም ይመሰክራል፦ ጥሩ አወራረድ ድምፅ የለውም፣ “ጧ” የሚል ከሆነ ኃይሉን የተቀበለው ጡንቻ ሳይሆን መገጣጠሚያ ነው። 5 ጊዜ በ3 ዙር ለአንድ ቀን ይበቃል፤ ከ20 በላይ ማረፊያ ለጀማሪ ብዙ ነው።

በጣም የሚያሰጋው ስህተት ሲያርፉ ጉልበቶች ወደ ውስጥ መቀራረባቸው ነው። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በዚህ አኳኋን ነው። ከፊት ለፊት በስልክ ቪዲዮ ቢቀረጽ በግልጽ ይታያል። ከታየ ከፍታውን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር መመለስና ለጥቂት ሳምንታት ዳሌን በሚያጠነክር ሥራ ላይ ማተኮር ነው። ሦስት ተከታታይ ልምምድ ላይ ሁሉም ማረፊያ ጸጥ ያለና የተያዘ ከሆነ ወደ ርዝመት ዝላይ ይታለፋል፤ ሰው የቁመቱን ግማሽ ያህል ዘልሎ ቀጥ ብሎ መቆም ሳይችል ወደ ድንጋይም ወደ ግንብም መሄድ የለበትም። ከጉልበት ከፍታ በላይ መውረድ ደግሞ ለወራት ይቆይ።

መሸከም ከሁሉም በላይ የሚመለስ ጥቅም ያለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተረሳ ዘርፍ ነው። 15 ኪሎ ግራም አሸዋ በተደራረበ ሁለት ከረጢት አስሮ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ አይሞላ፣ ሲያነሱት ቅርጹን መቀየሩ ነው ጥቅሙ። አነሳሱ እንዲህ ነው፦ ከረጢቱን በእግሮች መካከል አድርጎ ዳሌን ወደ ኋላ መግፋት፣ ከሥሩ በሁለት ክንድ ማቀፍ፣ ቁጢጥ ባሉበት ጭን ላይ ማሳረፍ፣ ደረት ላይ አጥብቆ ከዚያ መቆም። ጭን ላይ ማሳረፉን ዘለው በአንድ ትንፋሽ ከመሬት የሚመነትፉት ወገባቸውን የሚጎዱት እነዚያ ናቸው። ሸክሙ ከደረት አንድ ስንዝር በራቀ ቁጥር ወገብ ላይ ያለው ጫና ይበዛል። ደረት ላይ አቅፎ 20 ሜትር፣ አንድ ትከሻ ላይ 20 ሜትር፣ ሌላው ትከሻ ላይ 20 ሜትር፤ አርፎ 3 ጊዜ መድገም። ደም ግፊት ያለባቸው ሲያነሱ ትንፋሽ አይያዙ፤ እየተነፈሱ ይነሱ።

ለመውጣት መዘጋጃው መንጠልጠል ነው። መጀመሪያ እግር መሬት ወይም ወንበር ነክቶ የክብደቱን ከፊል ይሸከም፤ 10 ሴኮንድ በ5 ዙር። ያለ ድጋፍ 30 ሴኮንድ ሲቻል ክርን ሳይታጠፍ ትከሻን ወደ ታች መሳብና መልቀቅ ይጨመራል። ክርን አጥፎ ራስን መሳብ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ቀድሞ የተሳበ በክርኑ ውስጠኛ ጎን ላይ ለወራት የማይለቅ ሕመም ያተርፋል። ትከሻው ከዚህ ቀደም ወልቆ የሚያውቅ ሰው ባለሙያ ሳያይ አይንጠልጠል።

በእጅና በእግር ለመሄድ መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር ሆኖ ጉልበት ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይነሳል፤ ቀኝ እጅ ከግራ እግር ጋር ይንቀሳቀሳል። ርምጃው አጭር ነው። ዳሌ ወደ ላይ ከወጣ ሥራው ቀለለ ማለት ነው። 10 ሜትር በ3 ዙር ብዙዎችን ያልባል። ሚዛን ለመጠበቅ መሬት ላይ የተጋደመ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በቂ ነው፤ ዓይን እግርን ሳይሆን የጣውላውን ጫፍ ይይ። መወርወርና መቅለብ ከጓደኛ ጋር በቀላል ኳስ ይጀመራሉ። ዋናና ራስን መከላከል ከአስተማሪ እንጂ ከጽሑፍ አይገኙም፤ ብቻውን የሚዋኝ ጀማሪ ደግሞ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ዘዴውን የምንወድ ሰዎች ልናምነው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ሁሉንም አያሟላም። የእግርን ጉልበት በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ለመጨመር የብረት ክብደት የበለጠ ይመቻል፤ 2 ኪሎ ግራም መጨመር ይቻላል፣ ድንጋይ ግን እንዳገኙት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ በ2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። ለአጭር ጊዜ ዳሁ፣ ተንጠለጠሉ ማለት ያንን ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ፈጠን ብሎ መራመድ የሳምንቱ መሠረት ይሁን፤ በ2 ቀን የ40 ደቂቃ ልምምድ ይጨመርበት፦ 8 ደቂቃ ወለል ላይ፣ 10 ደቂቃ ከከፍታ ወርዶ ማረፍና ሚዛን አካል ሳይደክም፣ 12 ደቂቃ ሸክምና መንጠልጠል፣ በቀሪው 10 ደቂቃ ሁሉንም ማገጣጠም። ሲገጣጠም ዝላይ አይግባ፤ ደክሞ የሚያርፍ እግር ጉልበትን አይጠብቅም።

የመጠኑ ዳኛ ማግስቱ ነው። የጡንቻ ድካም እስከ 2 ቀን ቢቆይ አያስጨንቅም። መገጣጠሚያ ወይም ጅማት ላይ ያለ ሕመም ግን በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ከቀድሞው ብሶ ከተገኘ በሚቀጥለው ጊዜ ብዛቱ በግማሽ ይቀነሳል። እብጠት ካለ ይቆማል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአካል ብቃት ገጻችሁ ላይ ሰው ከከፍታ ሲዘል የሚያሳይ ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ ጀማሪ ከስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚነሳ፣ ስንት ጊዜ እንደሚበቃና ምን ሲያይ እንደሚያቆም በሁለት መስመር ጻፉልን። ቢቻል ደግሞ ከዘላዩ ጎን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወለል ሲነሱ የሚያሳይ ፎቶ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአካል ብቃት አሰልጣኝ