«ቢራው ቀጥኗል» ለሚለው ጥያቄ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
በድሬዳዋ፣ በሐረርና በአካባቢው ላላችሁ ግሮሰሪዎች፣ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ድግስ አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ ስለ ቢራ የአልኮል መጠን

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን መኪናችን በደረሰበት ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይመጣል። «አቦ፣ ይሄ ቢራ ምን ሆነ? ድሮ በሦስት የሚሞቀው ሰው አሁን አምስት ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።» ለገሀሬም ያው ነው፣ ሳቢያንም ያው ነው፣ ደንገጎን ወጥተን ሐረር ስንገባም ያው ነው። አንዳንዱ ፋብሪካውን ይጠረጥራል። አንዳንዱ ደግሞ፣ ደፍሮ ባይናገረውም፣ እኛን። ሾፌሮቻችን በየበሩ ቆመው ከሚከራከሩ በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል አልን።

በቅድሚያ የእኛን ነገር እንጨርስ። እኛ አከፋፋይ ነን። ቢራው ታሽጎ ይመጣል፣ ታሽጎ ይወጣል። ቆርኪው ከተነሳ ጋዙ ይወጣል፤ መልሶ የሚከድን ማሽንም የለንም። ቆርኪው የላላ ወይም ከጓደኞቹ ጎድሎ የሚታይ ጠርሙስ ካገኛችሁ ግን አትክፈቱት። ለሾፌሩ ስጡት፣ በሌላ ይቀይርላችኋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ፋብሪካው ቀንሶ እንደሆነ ነው። ለዚህ መልሱ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ «አልኮል» ከሚለው ጎን አንድ ፐርሰንት አለ። ከእናንተ ጓዳ የሰበሰብናቸውን፣ የድሮ ወረቀታቸው ያልተላጠ ባዶ ጠርሙሶች አሁን መጋዘን ካለው ጋር አስተያየናቸው። በምናከፋፍላቸው ላገሮች (በተለመደው ቀላ ያለ ቀዝቃዛ ቢራ ዓይነት) ላይ ቁጥሩ አልተለወጠም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከባሕር ማዶ ይመስለናል፤ እዚያ ደግሞ እውነት ነው። እንግሊዝ አገር ዘመድ ያላችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ፎስተርስ የሚባለው ቢራ እዚያ ከ4 ፐርሰንት ወደ 3.7 ወርዷል። ስቴላ አርቷ በአንድ ወቅት 5.2 ነበር፤ ቀስ በቀስ ወርዶ 4.6 ገብቷል። ካርልስበርግም 3.8 የነበረውን ፒልስነሩን 3.4 አድርጎታል። በላገር ብቻ አልቆመም፤ ኦልድ ስፔክልድ ሄን የሚባለው የጠርሙስ ኤልም (ኤል ሌላው የቢራ ዓይነት ነው) ከ5 ወደ 4.8 ዝቅ ብሏል።

ዋናው ምክንያት ታክስ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2023 ጀምሮ መጠጥን የሚቀርጡት በውስጡ ባለው ንጹሕ አልኮል ልክ ሆነ። ሕጉ ሲጀመር የጠርሙስና የቆርቆሮ ቢራ ከ3.5 ፐርሰንት በታች ከሆነ ለአንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል 9.27 ፓውንድ ይከፍል ነበር። 3.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ እስከ 8.4 ድረስ፣ 21.01 ፓውንድ። ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ሊትር ባለ 4 ፐርሰንት ቢራ ያኔ 84 ፔኒ ገደማ ታክስ ነበረበት። ባለ 3.4 ከሆነ 32 ፔኒ ገደማ። 3.4 የሚል ቁጥር ድንገት የበዛው ለዚህ ነው። እንደ ፎስተርስ ከ4 ወደ 3.7 የወረደ በላይኛው እርከን ስለሚቀር በአንድ የ330 ሚሊ ሊትር መጠን የሚያተርፈው 2 ፔኒ ገደማ ብቻ ነው። ግን በሚሊዮን ለሚሸጥ ሰው ሁለት ፔኒ ቀልድ አይደለችም።

ይህ ሕግ እኛ አገር የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ቢራን የሚቀርጠው በዋጋው ወይም በሊትሩ ነው። አልኮሉ 5 ሆነ 4 አይጠይቅም። ስለዚህ ለታክስ ሲባል አልኮል መቀነስ እዚህ ለፋብሪካ የሚያስገኘው ነገር የለም። ይህን ማለታችን ግን መቼም አይቀንሱም ለማለት አይደለም፤ ሌላ ምክንያት አለ። እሱም ብቅል ነው።

የቢራ አልኮል የሚመጣው ከብቅሉ ስኳር ነው። እርሾው ስኳሩን ይበላና አልኮልና ጋዝ ያወጣል። በግምት 2 ግራም ስኳር 1 ግራም አልኮል ይሆናል። ብቅል ከቀነሰ አልኮል ይቀንሳል፣ ወጪም ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል፤ በዚያው ጥንስስ ላይ ውሃው ሲበዛ ጠላው ይቀጥናል። የአርሲና የባሌ ገብስ አሰላና ደብረ ብርሃን ካሉት የብቅል ፋብሪካዎች አልፎ ጠርሙስ እስኪገባ ድረስ ስንት ወጪ እንዳለው አስቡት። ብቅል ሲወደድ ፋብሪካ ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የተፈጨው ብቅል ሲዘፈዘፍ ሙቀቱ 62 እስከ 65 ዲግሪ ከሆነ እርሾው ሊበላው የሚችል ስኳር ይበዛል። ሙቀቱን ወደ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍ ካደረጉት እርሾው የማይበላው ስኳር ይበዛል። አልኮሉ ዝቅ ይላል፣ አፍ ላይ ግን ወፈር ይላል። እንዲህ የተሠራ ባለ 4 ቢራ ስስ ነው አይባልም። ጥሩ ጠማቂና ስግብግብ ጠማቂ የሚለዩት፣ በእኛ አስተያየት፣ እዚህ ጋ ነው።

«ውሃ ጨምረውበታል» የሚለው ሰውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በዓለም ላይ ብዙ ትልልቅ ፋብሪካዎች ቢራውን መጀመሪያ ጠንከር አድርገው ይጠምቁታል። ከዚያ ኦክስጅን በወጣለት ውሃ ወደሚፈለገው መጠን ያወርዱታል። በዚያው ጋን ብዙ ቢራ ይወጣል። ማጭበርበር አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከውሃው በኋላ ያለው ነው።

እሺ፣ ቁጥሩ ካልተለወጠ ሰው ለምን ቀጠነ ይላል? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከእናንተ ሥራ ጋር የሚገናኘው ይሄኛው ነውና።

አንደኛው ነገር የድሬ ሙቀት ነው። ደንበኛው ከፀሐይ ገብቶ በረዶ የመሰለ ቢራ ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም። ግን በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ጣዕሙ አይሰማም፤ ምላስም ይደነዝዛል። ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ የምር ቀጠነ። ከዚህ የሚብሰው ቢራው ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት የዋለበት ቦታ ነው። ከዚራ በዛፍ ጥላ ሥር ላላችሁ ችግሩ ትንሽ ነው። ሳጥኑን በር ላይ ደርድራችሁ ፀሐይ ለምታስመቱት ግን ልመናችን ይድረሳችሁ። ብርሃን የሆፕሱን (በቢራ ውስጥ እንደ ጌሾ የሚገባውን ተክል) ንጥረ ነገር ይለውጥና መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ቡናማው ጠርሙስ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ ግን ብዙም አይከላከሉም። ሙቀቱ ደግሞ ቢራውን ጊዜው ሳይደርስ ያስረጀዋል። ያረጀ ቢራ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። አልኮሉ አልነካም፤ ጠጪው ግን «ሞቷል» ይላል፣ ልክም ነው።

ሁለተኛው ጫት ነው። ይህን ደብዳቤ ላይ መጻፍ ይከብዳል፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰዓቱን ሲቅም ውሎ ማታ ለጨብሲ የሚመጣ ሰው ቢራው አይዘውም። ጫት ያነቃቃል፣ የስካሩን ድንዛዜ ይሸፍናል። ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን ያው ነው። «አምስት ጠጥቼ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ባጃጁን የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አስተናጋጆቻችሁ ይህን ቢያውቁ ደስ ይለናል።

ሦስተኛው ጥቁር ቢራን እንደ ጠንካራ ማየት ነው። ጥቁረቱ ከተቆላው ብቅል ነው እንጂ ከአልኮሉ አይደለም። ጊነስ ድራፍት ያን ሁሉ ጠቁሮ 4.2 ፐርሰንት ነው። ከብዙ ነጭ ላገር ያነሰ።

ስለ መጠኑ አንድ ሒሳብ እንጨምር፤ ብዙ ክርክር ይዘጋል። 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት ቢራ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ባለ 4 ከሆነ 13.2። ስለዚህ ባለ 5 ቢራ አራት የጠጣና ባለ 4 ቢራ አምስት የጠጣ ሰው እኩል ጠጥተዋል። ሁለቱም 66 ሚሊ ሊትር። ባለ 4ቱ የአንድ ጠርሙስ ሒሳብ ጨምሮ ከፍሏል፣ ያ ብቻ።

እኛ ምን እንላለን? በእውነቱ ለድሬ አየር ቀለል ያለ ቢራ አይጠላም። ጥም የሚቆርጥ፣ ሰው አንድ ሁለት ብሎ ወደ ሥራው የሚመለስበት መጠጥ ቢመጣ ገበያ ያገኛል ብለን እናስባለን። የማንወደው በዝምታ መቀነስን ነው። ቁጥሩን በትንንሽ ፊደል ዝቅ አድርጎ፣ ስሙንና ዋጋውን እንደነበረ ትቶ መሸጥ ደንበኛን መናቅ ነው። ወቀሳው ደግሞ ፋብሪካው ጋ አይደርስም፤ የእናንተ ባንኮኒ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን። ከምናመጣቸው ቢራዎች የአንዱ ቁጥር እንኳ ቢለወጥ፣ አዲሱን ከመጫናችን በፊት በስልክ እንነግራችኋለን። የድሮውንና የአዲሱን በአንድ ሳጥን አናቀላቅልም። 24ቱም ጠርሙስ አንድ ዓይነት ይሆናል። ካልፈለጋችሁት ትመልሱታላችሁ፤ «አንዴ ከመኪና ወርዷል» የሚል ክርክር አይኖርም። የፋብሪካው ዋጋ ከአልኮሉ ጋር ከወረደ እናንተም ጋ ይወርዳል። ካልወረደም አልወረደም ብለን እንነግራችኋለን። በእኛ በኩል ትርፋችን ላይ በዚህ ሰበብ ሳንቲም አንጨምርም።

ለሰርግ የምታዙን ቀደም ብላችሁ ንገሩን። በድሬና በሐረር ድግስ ግማሹ እንግዳ አልኮል አይቀምስም፤ ሶፊ ማልትና ለስላሳው አንሶ ቢራው የሚተርፍበት ሰርግ ብዙ ነው። ስንት ሳጥን ከየትኛው እንደሚያስፈልግ አብረን እንገምታለን። ያልተከፈተ ሳጥን መልሰን እንወስዳለን። አልኮሉ ቀላል ነው ተብሎም ለልጆች አይቀዳም፤ በአዋጅ 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ክልክል ነው።

ጓዳችሁ የድሮ ወረቀት ያለበት ባዶ ጠርሙስ ካለ ከሌላው ለይታችሁ ለሾፌሩ ስጡልን። ከየብራንዱ አንድ አንድ መጋዘን ውስጥ እናስቀምጣለን። መጠራጠር የፈለገ መጥቶ በዓይኑ ያያል።

ከአክብሮት ጋር
ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ