አባባ፣ ስልክ ስለማይሰማዎ ነው የጻፍኩት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? እኛ ደህና ነን።

ባለፈው እሑድ ስደውል ሦስት ጊዜ «ማን ልበል?» አሉኝ። በአራተኛው ስልኩን ለሚጡ ሰጧት። እሷም «አክስቴ፣ አባባ አይሰማሽም፣ በቃ ጻፊለት» ብላ ገላገለችን። ይኸው ጻፍኩ። ሚጡዬ፣ ስታነቢላቸው በቀኝ በኩል ተቀመጪ። ጮክ በይ፣ ግን አትጩኺ። ሲጮህባቸው ይናደዳሉ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሲያትል ነው፣ ከእኛ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። እዚያ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ እንጀራ አልቸገረውም። እኔ ነኝ ባዶ ክፍሉን እየከፈትኩ የምዘጋው። ትንሿ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው። አጠገቧ ስቀመጥ እግሬ ወለሉን እየረገጠ ፍሬን ይፈልጋል። ቁመቷ በልጦኛል። በቀደም «አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ። አስተማሪ ነበሩ አልኳት። «እሱን ነግረሽኛል፤ ምን ዓይነት ሰው?» አለች። ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ዝም ብዬ አማሰልኩ።

ስኳርዎን ይለካሉ ወይ? እህቴ ጠዋት ጠዋት እየለካሁለት ነው ትላለች። ቁጥሩን ስጠይቃት ግን ወሬ ትቀይራለች። ወሬ የምትቀይረው ቁጥሩ ሲበዛ እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞ የባጃጁን ነገር ሰምቻለሁ። ክላክሱን ሰምተው ወደ ማዶ ዞሩ፣ ባጃጁ የመጣው ግን ከወዲህ ነው። ግራ ጆሮዎ ከጠፋ ወዲህ ድምፅ ይሰማዎታል፣ ከየት እንደመጣ ነው የሚጠፋዎ። አስፋልት ሲሻገሩ አንድ ሰው ይያዝዎ። እባክዎ።

ጥቅምት ላይ «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድነው?» ብለውኝ ነበር። መሐንዲስ ነኝ ብዬ አለፍኩት። አሁን በደንብ ልንገርዎ። የማመጣው ሌላ ነገርም አለ።

የምሠራበት ቦታ ሃንፎርድ ይባላል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ነው፣ ደረቅ ሜዳ። ሁለት የብረት ቧንቧ እንደ ግንበኛ ስኳድራ በማዕዘን ተዘርግቷል። እያንዳንዱ 4 ኪሎ ሜትር ነው። በውስጡ የሌዘር ጨረር ይሄዳል። ጫፉ ላይ 40 ኪሎ የሚመዝን መስታወት ተንጠልጥሏል። ጨረሩ እዚያ ነጥሮ ይመለሳል። ሩቅ ሰማይ ላይ ሁለት ብላክ ሆል የሚሉት፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው፣ ሲጋጩ የስበት ሞገድ ይነሳል። ያ ሞገድ በእኛ በኩል ሲያልፍ አንዱ ቧንቧ ሽርፍራፊ ታህል ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ሽርፍራፊ ስል ከአንድ ፕሮቶን ስፋት 10,000ኛ እጅ የሚያህል። አስተማሪ ስለሆኑ ዝም ብለው እንደማያምኑኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ሞገድ የደረሰው መስከረም 3 ቀን 2008፣ በአገራችን ሰዓት ለሰባት አሥር ጉዳይ ሲሆን ነው። እርስዎ ምሳ እየበሉ ይሆናል። ሞገዱ መንገድ ከጀመረ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። መጀመሪያ ሉዊዚያና፣ ሊቪንግስተን ያለው እህት ጣቢያችን ሰማ። ከ7 ሚሊሰከንድ በኋላ እኛ ሰማን። ሰማን እላለሁ እንጂ ድምፅ አይደለም።

የእኔ ሥራ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። ቧንቧው ውስጥ አየር እንዳይኖር እጠብቃለሁ። ሲሠራ ብረቱን ወር ሙሉ አጋሉት። አየሩን መጥጦ ለማውጣት ደግሞ 40 ቀን ፈጀ፣ ወንድ ልጅ ክርስትና እስኪነሳ እንደሚጠበቀው። አሁን ቀዳዳ ፈላጊ ነኝ። ከውጭ ሂሊየም እነፋለሁ። ውስጥ ያለው መሣሪያ ካሸተተው የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ሰው ሲጠይቅዎ «ልጄ ስንጥቅ ትፈልጋለች» ይበሉ።

እና የእርስዎ ጆሮ ነገር የእኛም ችግር ነው። ሁለት ጣቢያ ብቻ ሲኖር ሞገድ እንደመጣ ይታወቃል፣ ከየት የሚለው ነው ጭንቁ። ያን የመጀመሪያውን «ከዚህ አካባቢ ነው» ብለው የከለሉት ሰማይ ሙሉ ጨረቃን 3,000 ጊዜ ጎን ለጎን ቢደረድሩ የሚሸፍነውን ያህል ነበር። ነሐሴ 2009 ላይ ጣልያን ያለው ቪርጎ የሚባለው ጣቢያ ሲጨመር ግን ነገር ተለወጠ። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች፣ የሞቱ ትልልቅ ኮከቦች ታምቀው የቀሩት፣ ሲጋጩ ቦታው ጠበበ፣ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞረው የቀረውን ብርሃን በዓይን አዩት። ስለዚህ ሌላ ጆሮ ያስፈልጋል። ከሁላችንም የራቀ።

አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ። ሃንፎርድ ላይ ሊተከል የታሰበ ሦስተኛ መሣሪያ ነበር። ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሦስተኛው ግን ከወንድሙ ጎን ከሚቀመጥ ርቆ ቢሄድ ለሁሉም ይጠቅማል ተባለ። መጀመሪያ ለአውስትራሊያ ታስቦ ነበር፣ በ2011 በፈረንጆቹ ገንዘቡ አልተገኘም። ከዚያ ህንድ እኔ እወስደዋለሁ አለች። ዕቃው በሣጥን ታሽጎ ተቀመጠ። ይሄን ስብሰባ ላይ ሲያስረዱን ብቻዬን ሳቅሁ። ሦስተኛዋን ልጅ ለዘመድ መስጠት በእኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም።

ሚጡዬ፣ ይቺን ዝለያት። አይ፣ ተዪው፣ አንብቢላቸው።

ህንዶቹ የመጀመሪያውን እሺታ የሰጡት የካቲት 9 ቀን 2008 ነው። የሞገዱ ዜና ለዓለም በተነገረ በስድስተኛው ቀን። ገንዘቡ የጸደቀው ግን በእኛ በ2015 ነው፣ 26 ቢሊዮን ሩፒ። ሰባት ዓመት ሙሉ መሬት፣ ወረቀት፣ ማኅተም። እርስዎ ለጡረታ ደብተርዎ የተመላለሱትን አስታወሰኝ። ቦታው ማሃራሽትራ ግዛት፣ ሂንጎሊ ወረዳ፣ አውንዳ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ከተማዋ የጥንት የሺቫ ቤተ መቅደስ አላት፣ ተሳላሚ አይጠፋትም። ቦታው የተመረጠው ጸጥ ስለሚል ነው። ለእኛ ጸጥታ ማለት ሰው ዝም ማለቱ አይደለም። መሬቱ ዝም ማለቱ ነው። ባቡር ሲያልፍ፣ ባሕር ዳርቻውን ሲመታ፣ መሬት ይንቀጠቀጣል። እኛ ጋ አንድ ጊዜ መሣሪያው የማይታወቅ ኮሽታ እያመጣ አስቸገረ። ወጥተው ቢያዩ የተጠማ ቁራ ነው። የናይትሮጅን ቧንቧ ላይ የተጋገረውን በረዶ ይነቁራል። የቁራ ምንቃር ሰማን፣ አስቡት።

የአካባቢውን አፈር ፎቶ ሳይ ምን አየሁ? ዋልካ! የወረኢሉ ዋልካ ራሱ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ከሥሩም እንደ እኛው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። ስለ መሠረት ሲወራ እጄን አወጣሁ። «ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው አውቃለሁ» አልኳቸው። «ግድግዳው በየዓመቱ ይከፈትበታል።»

የጓዳው ግድግዳ ትዝ ይልዎታል? ከምድጃው በላይ። በየዓመቱ ጭቃ በጭድ ለውሰው ይደፍኑታል። ጥር ሲገባ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ሆኖ ይከፈታል። እኔ የምተኛው ከሥሩ ነበር። የ1977 ጥር አንድ ማታ እማማ «ትንሽ ናት እኮ» ስትል ሰማሁ። እርስዎ «እሷ ትሂድ። እሷ አታለቅስም» አሉ።

ይኸው ነው። አርባ ዓመት አለፈው።

በማግስቱ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሰው ጭን ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። አላለቀስኩም። ደሴ ላይ አላለቀስኩም። አዲስ አበባ፣ እዚያ ቤት፣ ከነሱ ልጆች ቀድሜ ተነስቼ ከሁሉም በኋላ ስተኛ አላለቀስኩም። እማማ የሞተች ጊዜ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ፊት ፊቴን አየኝ። አልመጣልኝም። እርስዎ ተናግረውታል፣ እኔ ጠበቅኩት።

አልወቅስዎትም። ማለቴ፣ መውቀስ አልፈልግም። ዘመኑን አውቃለሁ። ደሞዝ ነበረዎ፣ የሚገዛ እህል ግን አልነበረም። ማሙሽ ግንቦትን አላየም። እኔ አዲስ አበባ ዳቦ እየበላሁ ነበር። ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ ሥራ፣ ይሄ ሁሉ ቧንቧ የመጣው ከዚያች ጋቢና ነው። ይሄን ባወቅሁ ቁጥር ደግሞ ይብስብኛል። ታናናሾቼ «አንተ» ይሉዎታል። እኔ በ14 ዓመቴ ለእረፍት ስመጣ አፌ «እርስዎ» አለ። የእንግዳ አፍ ነው። አላረሙኝም። ይሄን ደብዳቤ በ«አንተ» ጀምሬው ነበር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አጠፋሁት።

እሺ። ልናገረው። ክረምቱን እመጣለሁ ያልኩት ቀረ። ህንድ ልሄድ ነው። ሦስት ዓመት። ቧንቧው ሲታቀድ ስንጥቅ የምታውቅ ሰው ፈለጉ፣ እኔም እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም፣ አሁን ከሚጡ አፍ ሰማች።

አይቆጡ። ከሙምባይ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ አምስት ስድስት ሰዓት ነው። ከዚህ ግን ከነመቆያው ከአንድ ቀን ያልፋል። ስለዚህ ቀረብኩ እንጂ አልራቅሁም። ለራሴ የምለው እንዲህ ነው። ደግሞም ህንድ ለእርስዎ ባዳ አይደለም። የፊዚክስ አስተማሪዎን ስንት ጊዜ ነገሩን! ጠመኔዋ እስክታልቅ ድረስ የሚጽፍባት፣ አንገቱን ሲያወዛውዝ እሺ ይበል እምቢ ይበል የማይታወቀው። እርስዎም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ እንደሱ እጅዎን ወደኋላ ያጣምሩ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አነበብኩ። ለሂንጎሊ ቅርብ ከሆኑት ትልልቅ ከተሞች አንዷን፣ አውራንጋባድ ትባል የነበረችውን፣ የቆረቆራት ሐበሻ ነው። ማሊክ አምባር። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ለባርነት ተሸጠ፣ ከጌታ ወደ ጌታ ተላለፈ። በመጨረሻ አሕመድናጋር የሚባለው የህንድ ሱልጣኔት ጦር አዛዥና እንደራሴ ሆነ። በ1610 በፈረንጆቹ ከተማዋን መሠረተ፣ በመሬት ሥር ቦይ ቀዶ ውኃ አመጣላት። በ1626 ሞተ። የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር አሉ። ማን ነው «ቻፑ» ብሎ ሲጠራው የኖረ? ማታ ማታ ይሄን አስባለሁ።

ጣቢያው በ2030 በፈረንጆቹ ያልቃል ነው የተባለው። ያኔ ስንት ዓመት እንደሚሞላዎ ቆጠርኩ። ቆጥሬ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

በስልክ አይመልሱልኝ። ለሚጡ ይንገሯት፣ እሷ ትጻፈው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ያን ማታ ነቅቼ እንደነበር ያውቁ ነበር?

ካልፈለጉ አይመልሱ። ማዳመጫውን ግን ከመሣቢያው ያውጡት። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት መሣቢያውን እንዲያዳምጥ አይደለም። ባትሪ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ፣ ስድስት ፍሬ ነው። ትንንሽ ክብ ነው፣ ሕፃኑ እንዳይውጠው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ለጓዳው ግድግዳ ደግሞ ጥር ሳይገባ ሰው ይጥሩ፤ እርስዎ መሰላል ላይ እንዳይወጡ።

ልጅህ