የአስቴርን ፍርሃት ከልጆች አንሰውር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ፣ አይሁድ በንግሥት አስቴር አማካይነት ከጥፋት የዳኑበትን ቀን ከሚያስቡበት ከፉሪም በዓል ታሪክ ልጆች ጀግንነትን እንዲማሩ የሚመክረውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ታሪኩን ለልጆች የምንነግርበት መንገድ ጀግንነቱን አስቀርቶ ጌጡን ብቻ የሚያስተላልፍ እየሆነ ስለ መጣ ጥቂት ልጨምር እወዳለሁ።

አምና በበዓሉ ዋዜማ የሰባት ዓመት ልጄ የወርቅማ ወረቀት ዘውድ ደፍታ በመስታወት ፊት ስትሽከረከር፣ አስቴር ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት። «ቆንጆ ስለ ነበረች ንጉሡ መረጣት፤ ከዚያ ሐማ ተሰቀለ» አለችኝ። በመካከሉ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ታሪኩ ራሱ፣ የለም። ልጅቷን አልወቅስም፤ የነገርናት እኛው ነን። በበዓሉ መጽሐፈ አስቴር በሚነበብበት ጊዜም፣ አይሁድን ሊያጠፋ ያሴረው የንጉሡ ሹም የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ልጆቹ ራዓሻን የሚሉትን ክርር የሚል መጫወቻ እያዞሩ ያደምቁታል፤ ደስታቸው ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ከንባቡ ሁሉ በልባቸው የሚቀረው የክፉው ሰው ስም ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የጀግንነቱ ትምህርት ያለው በምዕራፍ 4 ነው። አሳዳጊዋ መርዶክዮስ ስለ ሐማ የጥፋት አዋጅ ማቅ ለብሶ በንጉሡ በር ሲያለቅስ አስቴር መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ልብስ መላክ ነበር። ወደ ንጉሡ ገብታ ስለ ሕዝቧ እንድትለምን ሲልክባትም እሺ አላለችም፤ ሳይጠራ ወደ ውስጠኛው አደባባይ የገባ ሰው፣ ንጉሡ የወርቁን ዘንግ ካልዘረጋለት በቀር እንደሚሞት፣ እርሷም 30 ቀን እንዳልተጠራች መልሳ ላከችበት። ልጆች ሊሰሙት የሚገባው ይህን ነው። አስቴር ፈርታለች፤ ምክንያትም ደርድራለች፤ ከዚያም በቤተ መንግሥት ስላለች ብቻ እንደማትድን መርዶክዮስ ሲያስታውሳት፣ ሕዝቡ ሦስት ቀን እንዲጾምላት ጠይቃ፣ «ብጠፋም እጠፋለሁ» ብላ ተነሣች። ፍርሃቷን ቆርጠን ስንጥለው የቀረችው አስቴር የፊልም ጀግና እንጂ ነገ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ልጅ ሲሰደብ አፉን ለመክፈት ለሚፈራ ሕፃን የምትጠቅም ሰው አይደለችም።

ይህን ለማለት ከሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። በጎንደር የነበሩ ቤተ እስራኤል አያቶቻችን የአስቴርን ጾም ይጾሙ ነበር፤ ጭምብሉንና የበዓል ልብሱን ግን እኔ ያየሁት እስራኤል ከገባሁ በኋላ ነው። እነርሱ የያዙት የታሪኩን የጭንቅ ሰዓት ነበር፤ እኛ የያዝነው ድግሱን ነው። ሁለቱም የበዓሉ ናቸው፤ ጾሙ አዳር በሚባለው የአይሁድ ወር በ13፣ ደስታው በማግስቱ ነውና፣ ልጆቻችን አንዱን ብቻ ይዘው እንዳያድጉ ነው የምለው። አይሁድ ጠላቶቻቸውን ስለ ገደሉበት ስለ ምዕራፍ 9 ከጠየቃችሁኝ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ አላነበብሁትም፤ ዕድሜዋ ሲደርስ እናነበዋለን።

በዚያው ምሽት ታሪኩን እንደ ገና ጀመርን። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቁጥር ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ እንደ ነገሠ ስለሚናገር፣ «የእኛም አገር አለችበት?» ብላ ዘላ ተነሣች። ከዚያ ሳሎናችንን አደባባይ አደረግነው። እኔ የእንጨት ማንኪያ ይዤ በወንበር ተቀመጥሁ፤ እርሷ ደግሞ ከበሩ ጀምራ ቀስ እያለች መጣች። ማንኪያውን ሆን ብዬ ሳልዘረጋ ቆየሁ። በመካከሉ ቆማ፣ ዘውዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አባዬ፣ ዘርጋው እንጂ!» አለችኝ። ዘረጋሁላት። ጫፉን ነክታ አጠገቤ ከተቀመጠች በኋላ ግን ሳቋ ጠፋና፣ «አስቴር እንደሚዘረጋላት ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አታውቅም ነበር አልኋት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢና አባት